የሦስት ወር ኩርፊያዬ በሊማሊሞ ገደል

ይህን ታሪክ በሕይወቴ ለሦስት ሰው ብቻ ነው የተናገርኩት። አንደኛው የነፍስ አባቴ ናቸው፤ ንስሐ ሰጡኝ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ እሷ ደግሞ ከነፍስ አባቴ የከበደ ንስሐ ሰጠችኝ። ሦስተኛውን ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ። አሁን ግን አርጅቻለሁ፤ ጉልበቴ ዳገት አይልም፣ የሚያባርረኝ አለቃም የለም። እንግዲህ ለእናንተም ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

የአዘዞ ልጅ ነኝ፤ ስሜ አስማረ ነው። አባቴ ግንበኛ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲናድ፣ የሰው ቤት ግድግዳ ሲሰነጠቅ የሚጠራው እሱ ነው። ፊደል ሳልቆጥር በፊት ድንጋይ ፊትና ጀርባ እንዳለው፣ በጀርባው ካስተኙት እንደሚያኮርፍ ከእሱ ተምሬአለሁ። ጣሊያን የሊማሊሞን መንገድ ሲቆርጥ ገና ጢም ያላበቀልኩ ጎረምሳ ነበርኩና ድንጋይ ፈላጭ ሆኜ ገባሁ። ጣሊያን ሄደ፣ መንገዱ ቀረ፣ እኔም ከመንገዱ ጋር ቀረሁ። ጃንሆይ ከተመለሱ በኋላ መንገዱን የሚጠግን መሥሪያ ቤት ቀጠረኝ። የምነግራችሁ ነገር ሲደርስ የሃያ ሁለት ሠራተኛ አለቃ፣ ካቦ የሚሉት፣ ነበርኩ፤ ሰፈራችንም ከገደሉ ወገብ ላይ ጣሊያን ትቶት በሄደው የድንጋይ ቤት ውስጥ ነበር።

ሊማሊሞን አይታችሁት ለማታውቁ፣ ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ገደል ነው። መንገዱ ገደሉ ላይ ይጠማዘዛል፤ አንዱ ጥምዝ በሌላው ጥምዝ አናት ላይ ነው። ከላይ ድንጋይ ቢንከባለል ከታች ባለው መንገድ ላይ ያርፋል። መንገዱን ተሸክሞ የያዘው በቁልቁለቱ በኩል የተሠራው ካብ ነው። ካቡ ከሄደ መንገዱም ይሄዳል። የእኛ ሥራ ካቡን መጠበቅ ነበር።

ከሰፈራችን ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ረጅም ካብ ነበር። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደረደረ ነው። በበጋ ሲያዩት ክፍተቱ እጅ ያስገባል፤ እንሽላሊት ይመላለስበታል፤ ለማያውቀው ሰው የሰነፍ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ቡሄ አልፎ ተራራው ውሃ ሲጠግብ ከመንገዱ በላይ መሬት ውስጥ የተኛ ምንጭ ይነቃል። ውሃው በመንገዱ ሥር አልፎ በዚያ ካብ ክፍተት በመቶ ቦታ ይንጠባጠባል። እስከ መስቀል ይፈስና ይደርቃል። ይህን የሚያውቅ ክረምትን እዚያ ገደል ላይ የከረመ ሰው ብቻ ነው።

በግንቦት ወር አዲስ መሐንዲስ መጣልን። ኃይሉ ይባላል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ዕድሜው ከሃያ ሰባት የማይዘል። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ሳየው ወደድኩት። ከእሱ በፊት የነበረው አለቃችን ከማኪናው ወርዶ አያውቅም፤ ይህ ግን ጂፑን ከላይ ትቶ፣ የፕላን ጥቅልሉን በብብቱ ይዞ፣ ገደሉን በእግሩ እየወረደ መንገዱን በሜትሮ ለካ። ላቡ በጀርባው ሲወርድ እያየሁ ‘ይኼስ ሰው ነው’ ብዬ ነበር።

ያ ካብ ዘንድ ስንደርስ ቆመ።

«ይኼን ማነው የሚጠብቀው?» አለ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ቀዳዳ እያለ ዝም ብለህ ታያለህ? ድንጋዩ እኮ እየለቀቀ ነው። በሙሉ በሲሚንቶ ይደፈን። ለውሃው ደግሞ እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ ቱቦ ይገባል።» በኖራ ስድስት ቦታ ምልክት አደረገ። ርቀቱ ሁሉ እኩል ነበር።

«ጌታዬ፣ ውሃው በዚያ አይመጣም» አልኩት። «ከቡሄ በኋላ ሆዱ ላይ ነው የሚወጣው። በሲሚንቶ ከደፈንነው መሄጃ ያጣል።»

«የትኛው ውሃ?» አለና ዙሪያውን አየ። የግንቦት ፀሐይ ነው፤ ድንጋዩ እሳት ሆኗል። ሠራተኞቹም ከእሱ ጋር ዙሪያውን አዩ።

«አሁንማ የለም። ክረምት ሲገባ ነው።»

«ምን ያህል ነው? ለክተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ። በየክረምቱ አየዋለሁ።»

«ማየትና መለካት ይለያያል፣ ካቦ» አለና ሳቀ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንተ ድንጋይህን ፍለጥ፤ ማሰቡን ለእኛ ተወው» አለኝ።

በሳቁ ውስጥ ክፋት እንዳልነበረ ዛሬ ይገባኛል። ቸኩሎ ነበር፤ ከክረምቱ በፊት የሚጨርሰው ብዙ ሥራ ነበረበት፤ አዲስ ሰው ደግሞ የማያውቀው እንዳይታወቅበት ይፈራል። ያን ጊዜ ግን ይህ ሁሉ አልታየኝም። የታየኝ ሃያ ሁለት ሰው ፊት መቆሜ ነው፤ ከኋላ አንዱ ሲስቅም ሰማሁ። ጆሮዬ ጋለ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ድንጋይ ነው፤ እሱንም በአንድ ሳቅ ቀማኝ።

መናገር እችል ነበር። ማታ ቢሮው ገብቼ ለብቻው ላስረዳው እችል ነበር። የምንጩን ቦታ ቆፍሬ እርጥቡን አፈር ላሳየው እችል ነበር። እኔ ግን አኮረፍኩ። «እሺ ጌታዬ» አልኩና አፌን ዘጋሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? ያኔ ዝምታዬ ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

አሁን ኃጢአቴን ስሙ። ካቡን ስንደፍን ላይ ላዩን ብቻ ለስኜ ማለፍ እችል ነበር፤ መሐንዲሱ አያውቀውም። ሆዱ ላይ ትንሽ ትንሽ መተንፈሻ በስርቆት ልተውለት እችል ነበር። አላደረግኩም። ጠጠር እየከተትኩ፣ በዲጂኖ እየጠቀጠቅኩ፣ ክንድ ሙሉ ወደ ውስጥ ድረስ በሲሚንቶ ደፈንኩት። ሌላው ሠራተኛ የደፈነውን ሳይቀር አልጥም ብሎኝ እንደገና ሠራሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ ጥንቅቅ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። በውስጤ ‘ይየው! ክረምት ሲመጣ ይየዋል!’ እላለሁ።

ከሠራተኞቼ መካከል አያ ዘለቀ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አገራቸው እዚያው ከገደሉ አናት ነው፤ ማሳቸው የማይበቃቸው ገበሬ ስለሆኑ ከእኛ ጋር በቀን ሥራ አሸዋ ያመላልሳሉ፣ ቦይ ይጠርጋሉ። የአባቴ እኩያ ናቸው። እኔ በንዴት ስጠቀጥቅ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና ጠጋ አሉኝ።

«አስማረ፣ ይኼ ነገር ሸጋ አልመሰለኝም» አሉኝ። «ምነው ውሃውን መሄጃ ነሳኸው?»

«አንተ አሸዋህን አመላልስ! ማን ጠየቀህ?» አልኳቸው።

አንተ ማለቴን ልብ በሉልኝ። አያ ዘለቀ ጎንበስ ብለው የአሸዋውን ባሬላ አነሱ።

ክረምቱ ገባ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ የነሐሴም መጀመሪያ በሰላም አለፈ። መሐንዲስ ኃይሉ በየሳምንቱ ከደባርቅ ይወርድና ካቡን ያያል፤ እንደ አዲስ ሙሽራ ቤት የተለሰነ ነው። «አየህ ካቦ?» ይለኛል። «አየሁ ጌታዬ» እላለሁ። ከዚህ ሌላ ቃል ሦስት ወር ሙሉ ከአፌ አላወጣም። እሱ ታዛዥ ሠራተኛ ያገኘ መሰለው። አኩራፊ መሆኔን የሚያውቀው የጎንደር ሰው ቢሆን ነበር።

ቡሄ ባለፈ በሳምንቱ ዝናቡ አራት ቀን ሳያባራ ጣለ። በታች በኩል ወንዙ ሞልቶ ከዛሪማ የሚመጣ ማኪና ሁሉ ቆሟል ተባለ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አባራ፤ ጉሙ ግን ገደሉን ሞልቶት ነበር። ፊቴን ስታጠብ አያ ዘለቀ ጋቢያቸውን ጥብቅ አድርገው ለብሰው መጡ። ከግንቦት ወዲህ ከሰላምታ በስተቀር አነጋግረውኝ አያውቁም።

«ካቦ» አሉ፣ «ካቡ ሆዱ ገፍቷል።»

ውሃው ከእጄ ፈሰሰ። «መቼ አዩት?»

«ከትናንት ወዲያ ጀመረው። ዛሬ ብሷል። ልጄ ጥሩዬ ልጇን አዝላ በዛሪማው ማኪና ዛሬ ትመጣለች፤ ወንዙ ጎድሏልና ጠዋት ይነሳሉ ብለውኛል። ምን ይሻለኛል?»

በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ከላይ መንገዱን አየሁት፤ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ እጄን ያስገባል። በገመድ ተይዤ ከካቡ ሥር ወረድኩ። ስድስቱ ቱቦዎች አንዲት ጠብታ አልወጣቸውም፤ ደረቅ ናቸው። ካቡ መካከሉ ላይ እንደ ስምንት ወር እርጉዝ ተነፍቷል። ጆሮዬን ስለጥፍበት ከውስጥ ክዳኑን እንደተከደነ ድስት ይንተከተካል። ከበደኝ። ያን ሁሉ ውሃ አምቆ የያዘው መሐንዲሱ አይደለም፤ የእኔ እጅ ነው። የጭነት ማኪና ይቅርና ሁለት በሬ ቢያልፍበት የሚሄድ ካብ ነበር። ቢሄድ ደግሞ የሚወርደው ከታች ባሉት ጥምዞች ላይ ነው፤ የዛሪማው ማኪና የሚወጣውም በእነሱ ላይ ነው።

ወደ ላይ ወጥቼ መንገዱን በሁለቱም በኩል በድንጋይ አዘጋሁ። አያ ዘለቀ በአቋራጩ ወርደው ማኪናውን ከታች ሊያስቆሙ ተነሱ።

«ያዳልጣል፣ ጎረምሳ ልላክ» አልኳቸው።

«ልጄ ናት» አሉና ዘንጋቸውን ይዘው ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ሊማሊሞ ላይ ማኪና ከመታየቱ ብዙ ቀደም ብሎ ይሰማል። አያ ዘለቀ ከሄዱ ጥቂት እንደቆየ ከሥር፣ ከሩቅ፣ የማኪና ጉርምርምታ መጣ። እያቃሰተ ይወጣል፤ በየጥምዙ ድምፁ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። ወንዙ ያቆማቸው ሰዎች ሁሉ እሱ ላይ ተጭነው እንደሚመጡ አውቃለሁ።

ያን ጊዜ ከላይ የመሐንዲስ ኃይሉ ጂፕ ወረደ። በማግሥቱ አንድ ትልቅ ሹም ከአሥመራ በኩል በዚያ መንገድ ያልፋሉ ተብሎ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረውም። የተከመረውን ድንጋይ ሲያይ ከጂፑ ዘሎ ወረደ።

«ማነው መንገድ የዘጋው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«በማን ትእዛዝ?»

«ካቡ ሊሄድ ነው። ውሃው…»

«እንደገና ውሃው!» አለ። «ካቡ በሲሚንቶ ታስሯል። ከዱሮው አሥር እጥፍ ይጠነክራል። ነገ ማን እንደሚያልፍ ታውቃለህ? አንሡ ይኼን ድንጋይ!»

ሠራተኞቹ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ። ሁለቱ ጎንበስ ብለው ድንጋይ ማንሳት ጀመሩ።

አንባቢዎቼ፣ በሕይወቴ የማልረሳት ቅጽበት ይህች ናት። የግንቦቱ ንዴት ከነትኩሳቱ አንገቴ ላይ መጣ። «እሺ ጌታዬ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ብላት ከደሙ ነፃ ነኝ፤ ትእዛዙ የእሱ ነው፣ ምስክሩ ሃያ ሰው ነው። በእሱ ይፈረድበታል፣ ለእኔ ይፈረድልኛል። ከሥር ግን ማኪናው ያጉረመርማል። ልጇን ያዘለች ሴት ታየችኝ፤ ጥሩዬን አይቻት እንኳ አላውቅም ነበር።

«ጌታዬ» አልኩ። «አንድ ነገር ልናገርና ከዚያ ቢያባርሩኝም ቢያሳስሩኝም አቤት አልልም። ይህን ካብ በንዴት ነው የደፈንኩት። እርስዎ ካዘዙት አብልጬ፣ ክንድ ሙሉ ወደ ውስጥ ጠቅጥቄ ደፍኜዋለሁ። ውሃው እንደሚመጣ እያወቅኩ፣ ሲመጣ ይዩት ብዬ ነው ዝም ያልኩት። በሰው ፊት የሳቁብኝ ሳቅ ስላቃጠለኝ ነው። ጥፋቱ የእኔም ነው። አሁን በእኔ ቃል አይመኑ፤ ወርደው ቱቦዎቹን ብቻ ይዩ። ዝናቡ አራት ቀን ጥሎ አንዲት ጠብታ የላቸውም። ውሃው የት ሄደ?»

ድንጋይ የያዙት ሁለቱ ሠራተኞች እንደያዙት ቆሙ። ሦስተኛው ሰው ያልኳችሁ መሐንዲሱ ነው። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ፊቱ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። የፈተና ወረቀቱን እንደገና የሚያነብ ተማሪ ይመስል ነበር።

«ገመዱን አምጡልኝ» አለ።

አብረን ወረድን። በቱቦዎቹ ጣቱን እያስገባ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። ከኪሱ ሜትሮ አውጥቶ የካቡን ሆድ ለካ። ሲጨርስ ሜትሮውን ሳያጥፈው ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ብናደርግ ይሻላል ትላለህ?» አለኝ።

ለሦስት ወር የጠበቅኳት ጥያቄ እሷ ነበረች። ስትመጣ ግን ደስ አላለችኝም፤ ጊዜ አልነበረም።

«ሆዱን በዲጂኖ ልብሳውና ውሃው ይውጣ» አልኩ።

«አይሆንም! ሆዱን ከነካኸው ክብደቱ በሙሉ ወዳንተ ይመጣል። ከጎን መሆን አለበት፣ ከእግሩ ሥር፣ ገና ያልተነፋው ቦታ ላይ። በየትኛው ጎን ነው ምንጩ የሚያዘነብለው?»

ይህን እኔ አላውቅም ነበር። ሆዱን መትቼው ቢሆን ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም። እሱ ደግሞ ምንጩ በየትኛው ጎን እንደሚያዘነብል አያውቅም። «በምዕራብ በኩል» አልኩት። «እንግዲያው እዚያ» አለ። ሁለታችንም የያዝነው የእውቀት ግማሽ ግማሹን ነበር፤ በግንቦት ብናዋጣው ኖሮ ያን ቀን ገመድ ላይ አንንጠለጠልም ነበር።

ገመዱን ወገቤ ላይ አስረው ካቡ ጥግ ላይ አወረዱኝ። የገመዱን ጫፍ ከሠራተኞቹ ጋር ራሱ መሐንዲሱ ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ፣ በሁለት እግሩ ድንጋይ ተደግፎ ያዘ። እኔም መምታት ጀመርኩ። ሲሚንቶው አልበገር አለ። የማን ሥራ ሆነና! ዲጂኖው ይነጥራል፤ እኔ ራሴን እየተሳደብኩ እመታለሁ። የራሴን ጥሩ ሥራ እንደዚያ ቀን ጠልቼ አላውቅም።

የማኪናው ድምፅ እየቀረበ መጣ። ከዚያ ድንገት ጠፋ። ጥምዝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተመለሰም። አያ ዘለቀ ደርሰውበት ይሆን? ወይስ ሞተሩ ጠፍቶበት ልክ ከሥራችን ቆሞ ይሆን? ጉሙ አያሳይም። «አያ ዘለቀ!» ብዬ ጮህኩ። ገደሉ የራሴን ድምፅ መለሰልኝ።

«ምታ!» አለኝ መሐንዲሱ ከላይ። «አትቁም፣ ምታ!»

መታሁ። አንድ ድንጋይ ተንቀሳቀሰ። በዲጂኖው ጫፍ ፈልቅቄ ስስበው እንደ ቡሽ ወጣና ውሃው ደረቴን መታኝ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ በአየር ላይ ነበርኩ፤ ገመዱ ወገቤን ሊቆርጠኝ ደረሰ። እየጎተቱ አወጡኝ። መንገዱ ላይ ተዘርግቼ ሳለሁ ከሥራችን ቀይ ውሃ እየተገፋ ሲወጣ ይሰማኛል። መሐንዲሱ በሁለት ብብቴ ይዞ ከስንጥቁ አሻግሮ ጎተተኝ። ጥቂት እንደቆየ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ የካቡ ሆድ ከነግማሽ መንገዱ ተገንጥሎ ሄደ። ድንጋዩ ከታች ባለው ጥምዝ ላይ ሲወድቅ፣ ከዚያም ዘሎ ወደሚቀጥለው ሲያልፍ ሰማነው።

ከዚያ ዝም አለ። ወድቄ እንዳለሁ ስም እየጠራሁ እጸልይ ነበር፤ የማውቀው ስም ደግሞ የጥሩዬን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሰማነው የሕፃን ለቅሶ ነው። ከዚያ ለቅሶ ያማረ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ጉሙ ሳሳ ሲል በአቋራጩ መንገድ ሰዎች ተሰልፈው ሲወጡ ታዩ፤ አያ ዘለቀ የልጅ ልጃቸውን በጋቢያቸው አዝለው ከፊት ናቸው። ማኪናውን ድንጋዩ ከወረደበት ሁለት ጥምዝ ዝቅ ብለው፣ መንገዱ መካከል ላይ ጋቢያቸውን ዘርግተው፣ እላዩ ላይ ተኝተው ነው ያስቆሙት። ሾፌሩ ዕብድ መስለውት ሊመታቸው ነበር አሉ። መሐንዲሱ ሰዎቹን ሲቆጥር አየሁት፤ ሠላሳ አንድ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጡትን ሰዎች በቀረው ግማሽ መንገድ አሻግረን ወደ ሰፈራችን አስገባን። አያ ዘለቀ እሳት ዳር ጋቢያቸውን ሲያደርቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መሐንዲሱም ካኪ ሱሪው በጭቃ ቀልቶ ከእኛ ጋር ነበር።

«አያ ዘለቀ» አልኳቸው፣ «አንቱ ካቡን ካዩት ሁለት ቀን ሆኖዎታል። ምነው ወዲያው ሳይነግሩኝ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ቂም የለባቸውም። «አሸዋህን አመላልስ ብለኸኝ የለ?» አሉ። «አሸዋዬን ሳመላልስ ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ። ከአጠገቤ መሐንዲስ ኃይሉም አንገቱን ደፋ። ከእሱ የተቀበልኩትን ያቺን ቃል ለእሳቸው እንዳስተላለፍኳት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሱ እኔን ዝም አሰኘኝ፤ እኔ አያ ዘለቀን ዝም አሰኘሁ፤ ካቡም በዝምታችን መካከል ተነፋ።

በማግሥቱ መሐንዲሱ ሪፖርት ሲጽፍ ጠራኝ። ትእዛዙ የእሱ እንደሆነ፣ ካቦው አስቀድሞ እንዳስጠነቀቀው ጻፈ። «በንዴት ጠቅጥቆ የደፈነው እኔ ነኝ፤ እሱንም ይጻፉ» አልኩት። «ንዴት የሚሞላበት ቦታ ፎርሙ ላይ የለም» አለኝና ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን። ተቀጣ አሉ፤ ሹመቱ ዘገየበት ሲባል ሰምቻለሁ። ከዚያ ደብተርና እርሳስ ይዞ መጣና «አቶ አስማረ፣ ያልነገሩኝ ሌላ ምን አለ?» አለኝ። ገደሉን ከላይ እስከ ታች አብረን በእግራችን ሄድን። እኔ ስናገር፣ እሱ ሲለካና ሲጽፍ፣ ሁለት ቀን ፈጀብን። የጠየቀኝን ሁሉ አልመለስኩም፤ «ይህን አያ ዘለቀ ያውቃሉ» ያልኩበትም ብዙ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አለቃ አይቻለሁ። የናቀኝም አልጠፋም፤ ሰው ነውና። ስናቅ አሁንም ጆሮዬ ይግላል፣ ይህ አልተወኝም። ነገር ግን የሚያቃጥለኝ ነገር ሌላ፣ የማውቀው ነገር ሌላ መሆኑን ተምሬአለሁ። ክብሬ የራሴ ነው፤ ባኮርፍበትም ግድ የለም። እውቀቴ ግን በዚያ መንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ነው። በሰው ፊት ካልሰሙኝ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ፤ ለብቻቸው ካልሰሙኝ ቦታው ድረስ እወስዳቸዋለሁ፤ ያም ካልሆነ መንገዱ ላይ እቆማለሁ። እናንተም በሥራችሁ ላይ የሚስቅባችሁ ሰው ቢገጥማችሁ አኩርፉ፣ ተናደዱ፣ ቤት ገብታችሁ ትራሳችሁን ደብድቡ። የምታውቁትን ግን ከኩርፊያችሁ ጋር አትቅበሩት። እናንተ ራሳችሁ የሳቃችሁበት ሰው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ምናልባት አንድ ነገር ሊነግራችሁ ብሎ አፉን ዘግቶ ይሆናል።

አያ ዘለቀ ከብዙ ዓመት በኋላ አረፉ። ለለቅሶ ወጣሁ። ጥሩዬ ጠና ያለች ሴት ሆናለች፤ ታዝሎ የመጣው ልጇም ጢም አብቅሎ ድንኳን ሲተክል አየሁት። ከሰው ገለል አድርጋ አስቀመጠችኝና «ለካቦ አስማረ ልንገረው ስል ከርሜ ነበር» አለች።

«አባቴ እስኪሞት አንድ ነገር ይከነክነው ነበር።»

«ምን ነበር እቱ?»

«‹ልጄ በዚያ ማኪና ላይ ባትኖር ኖሮ እነግረው ነበርን?› ይላል። ለብቻው ሲሆን ይኼንኑ ያወጣል ያወርዳል። ‹የሌላ ሰው ልጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር› እያለ ያለቅሳል። ለነፍስ አባቱም ተናዝዞታል።»

አያ ዘለቀ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በዚያ ገደል ላይ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ደጉ እሳቸው ናቸው። ያን ጥርጣሬ ይዘው መቃብር የወረዱት አንድ ቀን ጠዋት እኔ በንዴት በተናገርኳት አንዲት ቃል ነው። እሳቸው ሳይበድሉ ተናዘዙ። የእሳቸውን ኑዛዜ አሁን እኔ ልናገርላቸው ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።